በሙሴ የቀናው ፉንዲ

ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፉንዲውን አናግረው» የሚል ነው። በዚህ ከተማ አናጺውም ፉንዲ ነው፣ ቧንቧ ሠሪውም ፉንዲ ነው፣ ሰዓት ጠጋኙም ፉንዲ ነው። ስም ሳይጨመርበት እንዲያው «ፉንዲው» ከተባለ ግን ግንበኛው ወልደ ሥላሴ ማለት ነው። የሱ ግድግዳ አይሰነጠቅም። ጣሪያው አያፈስም። ጨርሼ አስረክባለሁ ባለበት ቀን ያስረክባል፤ ይህ ደግሞ በሞያሌ ፉንዲዎች ዘንድ እንደ ተአምር የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ ክፉ ዐመል ብቻ አለበት፤ ቀናተኛ ነው።

ቅናቱም የሰው አይደለም። በጎረቤት ሀብት አይቀናም፤ ሚስቱ ወይንሸት በምግብ ቤቷ ከሾፌሮች ጋር ስትሳሳቅ ብትውል ግድ አይሰጠውም። የሚቀናው አንድ ጊዜ እንኳ ባላየው፣ ትክክለኛ ስሙን በማያውቀው፣ ከሞተ ዘመናት ባለፉት በአንድ ፈረንጅ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። መሳቁንስ ይሳቅ፤ ወልደ ሥላሴ ግን በዚህ ነገር ሠላሳ ዓመት አንጀቱ አርሯል።

ነገሩ የተጀመረው ዋልዳ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ነው። መንግሥት ተገልብጦ ወታደሩ ሁሉ ወደ ደቡብ ሲፈስ ወልደ ሥላሴም ጠመንጃውን ጠረፍ ላይ አስረክቦ ካምፕ ገባ። ከውትድርና በፊት ደብረ ሲና አጠገብ ከአጎቱ ጋር ድንጋይ ይጠርብ ስለነበር፣ ሌላው ሸራ ሥር ተጋድሞ ዕድሉን ሲያማርር እሱ ጭቃ አቡክቶ ጎጆ ማቆም ያዘ። ወይንሸት ከታላቅ ወንድሟ ከዲንቁ ጋር እዚያው ሰፈር የተጠለለች የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ወልደ ሥላሴ እንዳያት ልቡ ሸፈተ። ዋልዳ ላይ ለሴት የሚሰጥ ምን አለ? ቤት ሠራላት።

ወይንሸት ቤቱን ዞራ ዞራ አየችው። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፣ በበሩ ገብታ ወጣች። እሱ ከጥፍሩ ሥር ጭቃ እየፈለቀቀ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል።

«እጅህ ይባረክ» አለችው። «ሙሴ ቢሆን ግን መስኮቱን ትንሽ ከፍ ያደርገው ነበር።»

ወልደ ሥላሴ መዓት የወረደበት መሰለው። ሙሴ ማነው? ባሏ ነው? እጮኛዋ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሴ የሚለው ስም ከአፏ በወጣ ቁጥር የስሙን ባለቤት በዐይኑ ይፈልግ ጀመር። ካምፑ ውስጥ ውሃ የሚያስቀዳ ሙሴ የሚባል አንድ ረጅም ሶማሌ ነበር፤ ወልደ ሥላሴ ያንን ሰው ሰላምታ ነሳው። አጠገቡ ሲደርስ ምራቁን ይተፋል። ምስኪኑ ሰውዬ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው፣ ወረፋ ሳያስጠብቀው ጀሪካኑን እየሞላለት ሊታረቀው ሞከረ። ወልደ ሥላሴ ግን ጭራሽ ባሰበት፤ ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይለማመጠኛል አለ።

መጨረሻ ላይ አላስችል ሲለው ዲንቁን ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው።

«ስማ ዲንቁ፣ ይኼ ሙሴ የምትሉት ሰው አገር ቤት ነው ያለው?»

«የትኛው? የለገሃሩ ሙሴ?» ዲንቁ መጀመሪያ ዐይኑን አፈጠጠ፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! በድሮ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ፈረንጁ ሁሉ ሙሴ እገሌ ነበር የሚባለው። እኛ ሙሴ የምንለው የለገሃርን ባቡር ጣቢያ ፕላን ያወጣውን ነው። አያታችን ድንጋይ ሲያቀብለው ኖሯል። ስሙን ማን ያስታውሰዋል? ከሞተም ቆይቷል።»

ወልደ ሥላሴ ያን ዕለት ወደ ሶማሌው ሄዶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ብዙም ሳይቆይ ወይንሸትን አገባ። ካምፑ ሲዘጋና ሰዉ በመኪና ወደ ሌላ ሲወሰድ ሁለቱ ሹልክ ብለው ሞያሌ ገቡ፤ እዚያው ሠርተው፣ ወልደው፣ ልጃቸውን ሳሌምን አሳድገው ናይሮቢ ላኩ። ቅናቱ ግን አልበረደም። እንዲያውም ሙሴ ማን እንደሆነ ካወቀ ወዲህ ነው የባሰበት። በቁሙ ያለ ሰው ቢሆን አንገቱን ይዞ ይጠይቀው ነበር። ሞቶ፣ ያም ሆኖ አዲስ አበባ መሀል ያን የሚያህል ቤት አቁሞ የሄደን ሰው ምን ያደርጉታል?

ወይንሸት የጣቢያው ልጅ ናት። አባቷ ለገሃር ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ቤታቸውም ከጣቢያው በስተጀርባ ነበር። አያትየው ለልጃቸው፣ ልጃቸው ለሷ ያወረሱት ሀብት ቢኖር የሙሴ ወሬ ነው። ሙሴ ግንቡን በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን ይደግን ነበር፤ ድምፁ ካልጣመው አፍርሱ ይላል። ሙሴ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ሳያይ መስኮት አያስከፍትም። ወሬው በየአፉ እየወፈረ መጥቶ ሞያሌ ሲደርስ፣ ሙሴ ግድግዳ በዐይኑ ብቻ የሚያፈርስ ሰው ሆኖ ነበር።

ክፋት የላትም፤ ይህን ወልደ ሥላሴም ያውቃል። አዲስ ቤት በጨረሰ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ትዞረዋለች፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ታመሰግናለች። ከዚያ «ግን» ትላለች። ከ«ግን» በፊት ያለው የወልደ ሥላሴ፣ ከ«ግን» በኋላ ያለው የሙሴ ነው። ወልደ ሥላሴ ከዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሚስቱ አንድ ቀን፣ አንድ ቤት ፊት ቆማ «ግን» ሳትል እንድትቀር ነበር።

ሙሴ ይወደው ነበር ያለችውን ሁሉ እሱ ጠላ። በተለይ ራሱ እንደ ቀስት የጎበጠውን ቅስት መስኮት። ደንበኛ ቅስት ካለው «የሞያሌ ድንጋይ ቅስት አይወድም» ብሎ ይመልሰዋል። ሶሎሎ ላይ ለቤተ ክርስቲያን በር ቅስት አድርግልን ብለው ሽማግሌ ቢልኩበት እንኳ ወገቤን አሞኛል አለና ሥራውን ለሌላ ፉንዲ አሳልፎ ሰጠ። የሚገርመው፣ ግድግዳ በጨረሰ ቁጥር ሳያስበው ጣቱ ይሄድና ያንኳኳል፣ ጆሮውም ይደገናል። ሲነቃበት ግንቡን በጥፊ ይለዋል።

ባለፈው ዓመት ነው እንግዲህ ወይንሸት ከምግብ ቤቷ ጎን ባለ አንድ ፎቅ ማረፊያ እንሥራ ያለችው። ወልደ ሥላሴ ደስ አለው፤ ለሰው ሲሠራ የኖረ ሰው ለራሱ ሊሠራ ነው። ደስታው ግን አፍታም አልቆየ።

«ፊቱ እንደ ለገሃር ይሁንልኝ» አለችው። «ስሙንም ለገሃር እንበለው። አንተ አላየኸውም እንጂ አሁን እንኳ እፊቴ ድቅን ይላል።»

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

ወልደ ሥላሴ ለገሃርን አይቶ አያውቅም። አዲስ አበባን ያቋረጣት ሸራ በለበሰ የወታደር መኪና ውስጥ ተፋፍጎ ነው። ስለዚህ በእጇ አየሩ ላይ እያሳየችው፣ ከአፏ እየለቀመ፣ ያላየውን ቤት ጥርሱን ነክሶ ሠራ። ሰፊውን በር መሀል አደረገ። ከበላዩ ለሰዓት የሚሆን ክብ ተወ። ፊቱን ሙሉ ደግሞ ያንን የሚጠላውን ቅስት ደረደረ። ጠላቱን በገዛ እጁ ከመቃብር እያወጣ የሚያቆም ነበር የመሰለው። የቦረናው ልስን ሠራተኛ ጅሎ ከሥር ሆኖ ለብቻው ሲነጫነጭ ይሰማዋል።

«ፉንዲ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከማንም። ካዚህን፣ ሥራህን ሥራ።»

ቅስቱን የደገፈው እንጨት የተነሣ ቀን ድንጋዮቹ ተቃቅፈው ቀሩ። አንዷም አልተንቀሳቀሰችም። ጅሎ አጨበጨበ። ወልደ ሥላሴ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ አቧራ ነው ብሎ ጠራረገው። ሚስቱን ጠራት። ወይንሸት ሽርጧን እንዳገለደመች ወጥታ መንገዱን ተሻገረችና ከማዶ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቅስቶቹን አንድ በአንድ አየች። መኪና አልፎ አቧራ ሲያለብሳት እንኳ አላወቀችም።

«ወልዴ» አለች በመጨረሻ። «ምን ልበልህ! በጣም ነው የሚያምረው።»

አሁን በቃሽ፣ እዚያ ላይ አቁሚ፣ ስለ እግዚአብሔር እዚያ ላይ አቁሚ፣ አለ ወልደ ሥላሴ በልቡ።

«ሙሴ ግን ሁሉንም እኩል አያደርጋቸውም ነበር። የመሀሉን ያተልቀዋል።»

«እሺ» አለና ዞረ። ደሙ ግን ፈልቶ ነበር። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም።

ስሙ ይጻፍ ሲባል ነው ታዲያ ጉዱ የመጣው። ጅሎ ልስኑን እያለሰለሰ የቤቱን ስም ጠየቀ።

«ለገሃር።»

«ላጋ ሀሬ?» ጅሎ የልስን ማንካውን ጣለና በሳቅ ፈነዳ። «ፉንዲ፣ ምን ነካችሁ! በኛ አፍ ላጋ ወንዝ ነው። ሀሬ አህያ ነው። የአህያ ወንዝ ውስጥ ማን ያድራል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ለሚስቱ ይነግራትና አብረው ይስቁ ነበር። ወልደ ሥላሴ ግን ነገሩን በሆዱ ያዘው። የዚያ የኩሩ ፈረንጅ ጣቢያ፣ የአህያ ወንዝ! እያሰበው ለብቻው ፈገግ ይላል። ወይንሸት ስሙ በአማርኛም በኬንያ ፊደልም ይጻፍ፣ የናይሮቢ እንግዳም ያንብበው ብላ ነበር። ወልደ ሥላሴ ወደ ማስታወቂያ ጸሐፊው ወደ ዴኒስ ሄደና የአማርኛውን ትቶ በላቲኑ ብቻ፣ ትልቅ አድርጎ፣ ቦረናው አፉን ሞልቶ እንደሚጠራው «ላጋ ሀሬ» ብሎ እንዲጽፍ አዘዘው። ዴኒስ የኪሲ ሰው ነው፣ ቦረንኛ አያውቅም፤ ምንም አልጠረጠረም። ሰሌዳው ተሰቀለ፤ እስከ ምረቃው ቀንም ጨርቅ ተደረገበት።

በምረቃው ቀን ሰው መንገዱን ሞላው። ሾፌሮች መጡ፣ የገበያ ሴቶች መጡ፣ ጎረቤታቸው ባለሱቋ ሀቢባም ሱቋን ዘግታ መጣች። ወይንሸት ነጭ ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ፣ ስለ ጣቢያው ትንሽ ተናገረች። አባቷ እዚያ እንደሠሩ፣ ሙሴ የሚባል ትልቅ ሰው ፕላኑን እንዳወጣው፣ ባሏም ያንን ቤት ሞያሌ ድረስ እንዳመጣላት ተናገረች። ቀጥላ ጨርቁን ጎተተችው።

ከጎልቦ ፍየል ሊሸጥ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሰሌዳውን አስነብቦ ሰማና ከዘራውን አነሣ።

«አህዮቼ ውጭ ናቸው» አለ በቦረንኛ። «አልጋቸው የትኛው ነው?»

መንገዱ በሳቅ ተናጠ። ሰው ተደጋግፎ ሳቀ፣ ጅሎ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ወይንሸትም ቦረንኛዋ ከገበያ ሰላምታ ስለማያልፍ ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች፤ ሰው ደስ ብሎት መስሏት። ሀቢባ ናት እጇን ይዛ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ያለችው።

«ማማ ሳሌም፣ ፖሌ፣ አዝናለሁ። የአህያ ወንዝ ብለው ነው የጻፉልሽ» ብላ ነገረቻት።

ወይንሸት ሳቋን አላቋረጠችም፤ ፊቷ ላይ እንደነበረ ደረቀ። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ወልደ ሥላሴ ጨርቁ ሳይወርድ ጀምሮ ይስቅ ነበር፤ አሁን አፉን መሰብሰብ አቃተው። አየችው፣ ገባት። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ስታበላ፣ ስትሸኝ ዋለች። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ብቻ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ወይንዬ፣ ቀልድ እኮ ነው...»

«አባቴ የዚያን ቤት እንጀራ ነው ያበላኝ» አለችና ሽርጧን ፈትታ ገባች።

ሰሌዳው ይነሣ ቢባልም አልሆነም። ሾፌሩ ሁሉ ስሙን ወደደው፤ ከናይሮቢ ሳይነሣ «ላጋ ሀሬ አልጋ ያዙልኝ» እያለ ይደውላል። ማረፊያው ሞላ። ሙሴ ግን ከዚያ ቤት ወጣ። ወይንሸት ስሙን ዳግመኛ አላነሣችም።

ወልደ ሥላሴ በመጀመሪያ ደስታውን አልቻለውም። አስወጣሁት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከቤቴ አስወጣሁት እያለ ይንጎራደዳል። ብዙም ሳይቆይ ለነጋዴው ለመሐዲ መኖሪያ ቤት ሠራ፤ ቅስቶች ያሉት፣ የመሀሉ ተለቅ ያለ። ወይንሸትን ይዟት ሄደ። ቆማ አየችው።

«ደኅና ነው» አለች።

ወልደ ሥላሴ ጠበቀ። ግኑ አልመጣም። ጭራሽ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ስለ ሩዝ መወደድ እያወራች ተመለሱ። የሚመኘው ነገር በእጁ ገባ፤ ሲጨብጠው ግን ባዶ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባው። ሞያሌ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ የሚያየው ጣሪያው ማፍሰሱን ነው። መስኮቱ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል፣ ፀሐዩ በየት ይግባ የሚያይለት ከሷ በስተቀር ማንም አልነበረም። ከምታውቀው ሰው ሁሉ ትልቁን አምጥታ ከሱ ጎን አቁማ ነበር የምትለካው፤ ይህን ደግሞ ለማንም ተራ ግንበኛ አታደርገውም ነበር። እሱ ሞኙ ግን ሠላሳ ዓመት ስድብ መስሎት ኖረ። ሲቀናም የቀናው ያለ ቦታው ነው።

አንድ ቀን እንደ ዋዛ ሞከራት።

«እንዲያው፣ ሙሴ ቢሆንስ ይኼን ደረጃ እንዴት ያደርገው ነበር?»

«የትኛው ሙሴ?» አለችውና ድስቷን አማሰለች።

ከጥቂት ሳምንት በፊት የአውቶቡስ ባለቤቷ አግነስ አስጠራችው። መናኸሪያው አጠገብ የትኬት ቢሮና የተሳፋሪ ማረፊያ አዳራሽ እንዲሠራላት ፈለገች። ወልደ ሥላሴ በዕድሜው ጣቢያ ሠርቶ አያውቅም። ቀጥታ ወደ ቤት መጣ። ወይንሸት በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። እሱ ደግሞ እፊቷ አፈሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ መሥመር ማስመር ጀመረ።

«የአግነስ ጣቢያ ነው» አለ።

«ጥሩ ነው።»

«እንደ ለገሃር ነው የማደርገው። ሰዉ በጎን በር ይገባል። ትኬት መቁረጫውን ጓዳ በኩል፣ እዚህ ጥጉ ላይ እከተዋለሁ። ለገሃርስ እንዲህ አልነበር?»

አውቆ አሳስቶት ይሁን ሳያውቅ፣ እስከ ዛሬ ጅሎ እንኳ ቢጠይቀው አይናገርም። ወይንሸት ምስሩን መልቀም አቆመች። አፈሩን አየችው። ልታልፈው ፈልጋ ነበር፤ ወደ ሰፌዱ አቀረቀረች፣ ተመልሳ ቀና አለች።

«ጓዳ?» አለች። «ጓዳ ነው ያልከው? አባቴን ጓዳ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው?»

«ታዲያ የት ነበሩ?»

ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። የሠራውን መሥመር በእግሯ ደመሰሰችው። ጎንበስ ብላ በራሷ ጣት በሩን መሀል አሰመረች፤ ከበሩ ትይዩ ደግሞ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን።

«እዚህ! ከበሩ ፊት ለፊት። ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ ሰው በሩጫ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የአባቴን ፊት ነበር። ሰው ሲቸኩል ወዲያ ወዲህ አይልም፣ እፊቱ ያለውን ነው የሚያየው። ሙሴ...» ስሙ ከአፏ ሲወጣ ደነገጠች። ባሏን በጎን አየችው፤ ይስቅ እንደሆነ። አልሳቀም። «ሙሴ ይኼን የሚያውቅ ሰው ነበር። እንዳንተ ጥግ ለጥግ አይወሽቀውም።»

የጥንቱ የቅናት እሳት ከወልደ ሥላሴ ሆድ ተነሣ። ያ ፈረንጅ ተመልሶ መጥቶ እዚያው በረንዳ ላይ፣ በሱና በሚስቱ መካከል ቁጭ ብሏል። ወልደ ሥላሴ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«እሺ» አላት፣ ጥርሱን እንደነከሰ። «ከዚያስ? ሌላ ምን ያደርግ ነበር ሰውየው?»